አሮጌው መኪና በመርማሪ ፊት

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ሲቃረብ የሚያድርበት ጭንቀት፣ ተማሪ የፈተና ሳምንት ሲደርስበት ከሚያድርበት ጭንቀት የሚለይ አይደለም። ከተማሪዎች መካከል ዓመቱን ሙሉ ሲያጠና ከርሞ ወደ ፈተናው ሳይደነግጥ የሚገባ አለ፤ በዋዜማው የጓደኛውን ደብተር ለምኖ፣ ሌሊቱን በሽምደዳ አሳልፎ፣ ያንኑ በወረቀት ላይ ዘርግፎ ሲወጣ ሁሉን የሚረሳም አለ። መኪናም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ጥቂት ለማለት ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ይኸውም ለአንድ ቀን ብቻ ጭሱን ሰውሮ ቦሎውን ካስለጠፈ በኋላ በማግሥቱ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ስለሚመለሰው መኪና ነው።

ነገሩን ከአሶሳ ከተማና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አንጻር ለማየት የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። መንገዱ በአምቦ፣ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ የሚሄድ ሲሆን፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በጸጥታ መታወክ ምክንያት በየጊዜው ሲቋረጥ የቆየ መንገድ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ገብቶ የሚፈልገውን መለዋወጫ ጧት ገዝቶ ከሰዓት በኋላ የሚያስገጥመው ባለመኪና ያለውን ዕድል የአሶሳው ባለመኪና አያገኘውም። ይህ ሰው ዕቃውን በስልክ ያዝዛል፤ በአውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ የመጣው ዕቃ ልኩ ሳይሆን ሲቀርም እንደ ገና ይጠብቃል። የምርመራው ቀን ግን አይጠብቀውም። ያንድ ቀን ዘዴ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ቦሎ የምንለው ቃል ኢጣልያኖች የተዉልን ነው፤ በቋንቋቸው ማኅተም ወይም ቴምብር ማለት ነው። (የጋራዦቻችን ቋንቋ ግማሹ እስከ ዛሬ ከዚያው የመጣ ነው፤ ካንዴላው፣ ፊልትሮው፣ ማርሚታው፣ ሚኒሞው ሁሉ።) ይህ ስም ነገሩን ጥቂት ሳያበላሸው የቀረ አይመስለንም፤ ባለመኪናው የሚመኘው ማኅተሙን እንጂ ምርመራውን አይደለምና። የሕጉ አሳብ ግን ሌላ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ምርመራን ያስቀመጠው መኪናው ለሰው አደጋ የማያመጣ መሆኑ እንዲረጋገጥ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የአየር ጥራት ደረጃ ሲወሰን በአንድ ስፍራ ከቆሙት ከፋብሪካዎች ብቻ ሳይሆን ከሚንቀሳቀሱት የብክለት ምንጮችም የሚወጣው መጠን እንዲወሰን ያዝዛል። የነዚህም መሠረት በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው፤ በአንቀጽ 44 ላይ ሰው ሁሉ በንጹሕና በጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ተጽፏል። እንግዲህ የጭስ ምርመራ የትራፊክ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ወጣት ሹም ቢኖር እነዚህን ሦስቱን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጦ እንዲያነብ እንመክራለን።

ከዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ፤ ከባድ ክርክር ስለ ሆነ ዘለን ልናልፈው አንወድም። የአሶሳ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በበጋ ወራት ሣሩ ሲቃጠል የክልሉ ሰማይ በሞላ ይጠቁራል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን ማታና ጧት በእንጨት ጭስ ውስጥ ዓይናቸውን ያሻሉ። ይህ ሁሉ ጭስ እያለ የእኔን አንዲት አሮጌ መኪና ጭስ የሚለካው ለምንድን ነው?» በውነቱ ይህ ሰው ያለ ነገር አልተናገረም። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ያለ ጊዜያቸው የሞቱት ሰዎች 3.2 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከአሶሳ ጭስ ሁሉ ብዙውን ሰው የሚጎዳው የማድ ቤቱ ጭስ ነው ቢባል እኛም አንቃወምም።

ዳሩ ግን ያንዱ ጭስ መብዛት የሌላውን ጭስ ንጹሕ አያደርገውም። የሣሩ እሳት ወራት ጠብቆ ይመጣል፤ ወራቱ ሲያልፍም ይጠፋል። የመኪናው ጭስ ግን ክረምት ከበጋ ሳይል በየቀኑ የሚወጣው በገበያው መካከል፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው፤ የሚወጣበትም ከፍታ የማንጎ መደቧን ዘርግታ በመንገድ ዳር ከተቀመጠች ሴት ፊት እኩል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች መዝገብ ውስጥ አግብቶታል። ማድ ቤቱን ለማሻሻል ምድጃ መለወጥ፣ ኤሌክትሪክ ማስገባት፣ ብዙ ዘመንና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። የመኪናውን ጭስ ለመቀነስ ግን፣ ብዙ ጊዜ፣ የአንድ ፊልትሮ ዋጋ ይበቃል።

ጭስ ምንድን ነው? ሞተር ምድጃ ነው። ምድጃ እንጨት ሲበዛበትና አየር ሲያንሰው ይጨሳል፤ እርጥብ እንጨት ሲገባበትም ይጨሳል፤ ቅቤ ሲንጠባጠብበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ጭስና ሌላ ዓይነት ሽታ ያወጣል። ባልትና የምታውቅ ሴት ጭሱን አይታ ምድጃው ምን እንደ ጎደለው ትናገራለች። መካኒክም እንደዚሁ ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ የሞተሩ ዘይት አብሮ እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል፤ ፋሻው አልቋል ወይም የቫልቩ ጎማ ደርቋል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ከሆነ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ እንደ ሆነ ወይም ነዳጁ ሳይቃጠል እየወጣ እንደ ሆነ ያስጠረጥራል። እንግዲህ ጭስ በሽታው ሳይሆን የበሽታው ምልክት ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ግንባሩን በቀዝቃዛ ጨርቅ ስለ ጠረገ ወባው እንደማይለቀው ሁሉ፣ ለምርመራው ሰዓት ጭሱ ስለ ቀነሰ ሞተሩ ዳነ ማለት አይደለም።

ዓይን የማያየውም አለ። ቤንዚን በደንብ ሲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ሲያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ መልክም ሽታም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ሰው የሚገድለው ይኸው ነው። መርማሪው በጭስ ማውጫው ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የሚለካው ይህን ጋዝና ሳይቃጠል የወጣውን የቤንዚን ትነት ነው። ስለ ገንዘቡም ቢሆን ባለመኪናው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ካርቦን ግማሽ መንገድ ተቃጥሎ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲለወጥ የሚሰጠው ሙቀት፣ ፈጽሞ ቢቃጠል ኖሮ ሊሰጥ ከሚችለው ከሦስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ሙቀት፣ ማለት የተከፈለበት ቤንዚን፣ በጭስ ማውጫው በኩል ይሄዳል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እየተወሰነ ከመጣ ወዲህ ይህ ኪሳራ ምን ያህል እንደ ሆነ የግል መኪና ያለው ሁሉ በኪሱ ያውቀዋል።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ አንድ የራሱ የሆነ ችግር አለ፤ ይኸውም የምድሩ ከፍታና ዝቅታ ነው። በጉባ ያለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር ላይ ይቆማል። አሶሳ ከ1,500 ሜትር በላይ ናት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። በባሕር ጠረፍ ያለውን የአየር ግፊት 100 ብንለው፣ በግድቡ ሐይቅ ዳር 93 ያህል፣ በአሶሳ 83 ያህል፣ በአዲስ አበባ 75 ያህል ይሆናል። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ይህን ልዩነት አያውቅም፤ በቆላ የተስተካከለለትን የቤንዚን መጠን ይዞ ወደ ደጋ ይወጣል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ይጨሳል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ መኪናም ከዚህ አያመልጥም። የጭነት መኪናው በቆላው ሜዳ ንጹሕ የነበረው አቀበቱን ሲይዝ የሚጠቁረው የክብደቱ ብቻ ሳይሆን የአየሩም ነገር ስላለበት ነው። አዲሶቹ መኪኖች የአየሩን መጠን የሚያነብ መሣሪያ ስላላቸው ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ አሮጌውን የሚያስተካክለው ሰው ነው። ስለዚህ ባንድ ከተማ ተስተካክሎ በሌላ ከተማ የሚመረመር መኪና ካለ ባለመኪናው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የት እንደ ተስተካከለ ነው። አዲስ አበባ ተስተካክሎ ወደ አሶሳ የወረደ መኪና ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን ያጥረዋል፤ ጉልበት ያንሰዋል፤ ይሞቃል። ሹፌሩም ብልሽት መስሎት ደህናውን ዕቃ ያስፈታል።

እንግዲህ አሮጌ መኪና በውነት እንዲያልፍ ምን ይደረግ? ብልህ መካኒክ ከርካሹ ይጀምራል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ያወጣል። በበጋ በጠጠር መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው አቧራ ጠጥቶ እንደ ጭቃ ግድግዳ ይደነቀራል፤ ሞተሩ አፍንጫው ተይዞ የሚሮጥ ሰው ይሆናል። ቀጥሎ ዘይቱን ያያል፤ ብዙ ዘመን ሳይለወጥ የቆየ ዘይት በነዳጅ የተበረዘ ስለሚሆን እሱ ራሱ ለጭስ ምክንያት ነው። የቤንዚን ከሆነ ካንዴላዎቹን አንድ ባንድ ፈትቶ መልካቸውን ይመለከታል፤ ደህና የሚሠራ ካንዴላ ጫፉ የቡና ገለባ መልክ አለው፤ ጥላሸት የለበሰው ቤንዚን እንደ በዛበት፣ በዘይት የራሰው ፋሻው እንዳለቀ ይመሰክራል። ከአራቱ ካንዴላዎች አንዱ እንኳ እሳት ሳይሰጥ ሲቀር የዚያ ሲሊንደር ቤንዚን እንዳለ ሳይቃጠል ይወጣል፤ በመለኪያውም ላይ ወዲያው ይታያል። ከዚያ በኋላ ነው ካርቡራተሩ የሚጸዳውና ሚኒሞው የሚስተካከለው። ብዙዎች ግን ከዚህ ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ ምክንያቱም ለዚህ ካቻቢቴ እንጂ ገንዘብ አያስፈልግምና።

የናፍጣ ከሆነ ነገሩ ከኖዝሉና ከፓምፑ ላይ ነው። ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ መርጨት ይገባዋል፤ ሲያረጅ ግን ያንጠባጥባል፤ የተንጠባጠበው ናፍጣ ጥላሸት ይሆናል። ምርመራው የሚደረገው ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነዳጅ መስጫውን በድንገት እስከ መጨረሻው በመርገጥ ነው፤ ይህም ተደጋግሞ ይደረጋል፤ መሣሪያው በጭሱ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ምን ያህሉ እንደ ተጋረደ ያነባል። ከዚህ ላይ ባለመኪናው ማወቅ የሚገባው ቀላል ነገር አለ፤ ቀዝቃዛ ሞተር ወደ ምርመራ አይቀርብም። ዘይቱ 80 ዲግሪ ያህል እስኪደርስ ጥሩ መንገድ ላይ ተነድቶ የመጣ መኪና በጭስ ማውጫው ውስጥ የተጠራቀመውን ጥላሸት አራግፎ ይመጣል፤ ከግቢ ወጥቶ ወዲያው የተሰለፈው ግን የሳምንቱን ጥላሸት በመርማሪው ፊት ይዘረግፋል። ይህ ማታለል አይደለም፤ መኪናው በሥራ ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲታይ ማድረግ ነው። ማርሚታው የተቀደደ መኪናም አስቀድሞ መበየድ አለበት፤ በቀዳዳው የገባው አየር ጋዙን ስለሚበርዘው መለኪያው ሐሰት ይናገራል።

ያንድ ቀኑ ዘዴ ከዚህ ሁሉ ሌላ ነው። የናፍጣውን ፓምፕ የነዳጅ መመጠኛ ብሎን በምርመራው ዋዜማ ይቀንሱታል፤ መኪናው ጉልበት ያጣል፤ ባዶውን ስለሚመጣ ግን ማንም አያውቅበትም። ቦሎው በተለጠፈ ማግሥት ብሎኑ ወደ ቦታው፣ እንዲያውም ከቦታው አልፎ ይመለሳል፤ ከልኩ በላይ ለሚጫን መኪና ከልኩ በላይ ነዳጅ ያስፈልገዋልና። ፊልትሮና ካንዴላ ከዘመድ መኪና ላይ ተፈትቶ በውሰት ይመጣል። የካርቡራተሩን ቤንዚን እስኪያንቀው ድረስ የሚዘጋም አለ፤ በዚህ ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይወርዳል፣ ነገር ግን ሞተሩ እየዘለለ ስለሚሠራ ያልተቃጠለው ትነት ይወጣል፤ ሁለቱም ባንድነት የሚለኩት ስለዚህ ነው። መለኪያ ሁሉ የማያዋጣ ሲመስል ደግሞ የቀረው መማለጃ ነው። «ወንድሜ፣ ዛሬን ብቻ እለፈኝ፤ በሚመጣው ዓመት አሳድሰዋለሁ» ይባላል። በሚመጣው ዓመትም ያው ቃል ይደገማል።

ይህን የምንጽፈው የድሃ ሹፌርን ስም ለማጥፋት እንዳልሆነ አንባብያን እንዲረዱልን እንፈልጋለን። ያንድ ቀን ዘዴ ከአሶሳ ጋራዥ ተወልዶ የቀረ ነገር አይደለም። በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የሚገኘው የታወቀው የቮልስዋገን ፋብሪካ በናፍጣ መኪኖቹ ላይ መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ለይቶ የሚያውቅ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አግብቶ እንደ ነበር ታወቀበት። መኪናው ሲመረመር ንጹሕ ይሆናል፤ መንገድ ሲወጣ እንደ ልቡ ይጨሳል፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው አንዳንዱ ጋዝ በመንገድ ላይ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። ይህ ፕሮግራም የተገጠመባቸው መኪኖች በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። የተማሩ መሐንዲሶች በብዙ ገንዘብ የሠሩት ሥራ የሠፈራችን መካኒክ በካቻቢቴ ከሚሠራው በአሳቡ አይለይም። ልዩነቱ እነዚያ መጨረሻ ላይ ተይዘው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር መክፈላቸው ነው። የተያዙትም በምርመራ ጣቢያ አይደለም፤ በዌስት ቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች መኪናውን በመንገድ ላይ እየነዱ ስለ ለኩት ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህችን ልብ በሉ፤ ነገሩን የጀመሩት ፖሊሶች ሳይሆኑ ለጥናት የወጡ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። አሶሳም ዩኒቨርሲቲ አላት።

«እንግዲያው አሮጌ መኪና ሁሉ ይወገድ» የሚል አለ። እንዲህ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ መኪና የሌለው ወይም መሥሪያ ቤቱ አዲስ የሰጠው ሰው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም እንደ ተላኩ፣ ከነዚህም ትልቁ ድርሻ ወደ አፍሪካ እንደ ገባ አመልክቷል። ብዙዎቹ በመጡበት አገር ምርመራውን ማለፍ የማይችሉ ነበሩ። እንግዲህ የሀብታሙ አገር ጭስ ነው ከነመኪናው ተሽጦልን የመጣው። መንግሥታችን በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና በዕድሜው ልክ ታክሱ እንዲከብድበት አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። ሁለቱም ለአየሩ መልካም ናቸው። ነገር ግን ያስከተሉት ሌላ ነገር አለ፤ አስቀድሞ የገባው መኪና ምትክ ስለማይመጣለት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ባለቤቱም እስከ መጨረሻው ያቆየዋል። በሩ ሲዘጋ በውስጥ ያለው ያረጃል። ስለዚህ አሮጌ መኪናን የመጠገን ጥበብ ከዛሬ ጀምሮ ለብዙ ዓመት የሚያስፈልገን ጥበብ እንጂ ያለፈበት ነገር አይደለም።

ኤሌክትሪክ መኪናስ? የኤሌክትሪኩ ምንጭ ከክልሉ ከራሱ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኀይል አለው። ሆኖም የአሶሳ ባለ ሚኒባስ መኪናውን ሸጦ የኤሌክትሪክ እስኪገዛ ድረስ ያለው ዘመን አጭር አይሆንም። በዚያ ዘመን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ የሚተነፈሰው ዛሬ ነው።

የምርመራው ሥራ የተሰጣቸው ወጣት ሹማምንት ከእንግሊዝ አገር ሕግ አንድ ነገር ቢመለከቱ ደስ ይለናል። በዚያ አገር ከነሐሴ 1975 እ.ኤ.አ. በፊት ወደ መንገድ የወጣ መኪና ጭሱ በዓይን ብቻ ይታያል፤ ከዚያ እስከ ሐምሌ 1986 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤንዚን መኪና በሚኒሞ ላይ ከ100 እጅ እስከ 4.5 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈቀድለታል፤ ከዚያ ወዲህ የወጣውና የጭስ ማጣሪያ የሌለው እስከ 3.5 እጅ ይፈቀድለታል፤ ማጣሪያ ያለው አዲስ መኪና ግን ከ1 እጅ በታች ካልሆነ አያልፍም። አያትን በልጅ ልጁ ጉልበት አይመዝኑትም፤ ነገር ግን በራሱ ዕድሜ ልክ ጤነኛ እንዲሆን ይጠይቁታል። ሊደረስበት የማይቻል ልክ ሰው ወደ ጥገና ሳይሆን ወደ መማለጃ ይነዳዋል፤ ልክ ፈጽሞ ከሌለም መርማሪው ጭሱን በዓይኑ እያየ «ያልፋል» ወይም «አያልፍም» ሲል የሚመራው በስሜቱ ነው፤ ስሜት ደግሞ ይገዛል።

ከልኩ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ግን ወረቀቱ ነው። የወደቀ መኪና ባለቤት «ወድቋል» ተብሎ ብቻ ከተሸኘ ወደ መካኒኩ ሄዶ የሚናገረው ነገር የለውም። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይህን ያህል ነው፣ ትነቱ ይህን ያህል ነው፣ የናፍጣው ጭስ ብርሃኑን በዚህ መጠን ጋርዷል ተብሎ ቁጥሩ በወረቀት ቢሰጠው መካኒኩ ከካንዴላው ይጀምር ወይስ ከፊልትሮው እንደ ሆነ ያውቅበታል። ወረቀቱ ላይ ያምናው ቁጥር ከዘንድሮው ጎን ቢጻፍ ደግሞ ያንድ ቀን ዘዴ ይጋለጣል፤ በምርመራ ዕለት ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ በመንገድ ላይ ሁልጊዜ ጥቁር የሆነው መኪና በድንገት በመንገድ ዳር ቢለካ ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ለሚጠብቅ ሰውም የታወቀ የቀን ገደብ ተሰጥቶት ተመልሶ እንዲመጣ ቢደረግ፣ ለዚያውም ሁለተኛ ሙሉ ክፍያ ባይጠየቅ፣ የዘዴው ዋና ምክንያት ይነሳል።

ሌላም አለ። ምርመራው ጥብቅ ሲሆን በመጀመሪያ የሚቆሙት ባጃጆችና ሚኒባሶች እንደሚሆኑ ማንም ይገምታል፤ የመንግሥት ሰሌዳ የለጠፈውን አሮጌ ላንድክሩዘር ማን ያቆመዋል? በማለዳ በአሶሳ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ሹማምንቱን እየጠበቁ ሞተራቸውን ሳያጠፉ የሚቆሙት መኪኖች ግን የሚያወጡት ያንኑ ጭስ ነው። ለነዚህ መኪኖች ጥገና በጀት ይያዛል፤ ሹፌር አላቸው፤ የስምሪት ኀላፊ አላቸው፤ ባለ ባጃጁ ከነዚህ አንዱም የለውም። ስለዚህ በሚመጣው የምርመራ ወራት የሰልፉ ፊት ለመንግሥት መኪኖች ቢለቀቅ፣ የእያንዳንዱም መኪና ቁጥርና የጭሱ ልክ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቢለጠፍ እንወዳለን። ባለ ባጃጁ ተራውን እየጠበቀ ቆሞ ያነበዋል።